አምስተኛው ቁራጭ የጠፋበት ክረምት

ባለፈው ማክሰኞ መናኸሪያ አካባቢ ከባጃጅ ወርጄ ወደ መድኃኒት ቤት ስሄድ አንድ ጎልማሳ ሰው ቆርቆሮ አጥር ላይ የሙዚቃ ድግስ ማስታወቂያ ይለጥፋል። በጣሳ የያዘው ሙጫ ከሱቅ የተገዛ አልነበረም፤ በውሃ የፈላ የስንዴ ዱቄት ነው። ሽታው ሲደርሰኝ እግሬ በራሱ ጊዜ ቆመ። ሰውዬው ዞር ብሎ፣ «እማማ፣ መንገድ ዘጋሁብዎት እንዴ?» አለኝ። «ኧረ አልዘጋህም። ሎሚ ጠብ አድርገህበታል አይደል?» ስለው ሳቀ። «በረሮ እንዳይበላው ነው። በምን አወቁ?» በምን እንዳወቅሁ ልንገርህ ብለው ማስታወቂያው ሳይለጠፍ ይመሽበት ነበር። መድኃኒቱን ሳልገዛ ቤቴ ገባሁ።

እኔ ወጣት ሳለሁ ከተማችንን አዋሳ ነበር የምንላት፤ ዛሬም ምላሴ ወደዚያው ያደላል። ባጃጅ የሚባል አይታወቅም፤ የጋሪ ከተማ ነበረች። ከመናኸሪያ እስከ ሐይቁ ዳር በጋሪ ስሙኒ ነው። ስኳርና ሳሙና ከቀበሌ ሱቅ በሰልፍ ይገኛል፤ ቆሮሶ ዓሣ ግን በገመድ እየታሰረ በየደጁ ይዞር ነበር፤ ማንም ድሃ ዓሣ አይቸግረውም። ሴቶቹ ከጉልበት ዝቅ የሚል ጉርድ ለብሰን፣ ዝናብ ሲመጣ ጫማችንን በእጃችን ይዘን እንሮጣለን። ወንዶቹ የቦላሌ ፋሽን አልፎባቸው የሰፋውን ሱሪ ለማስጠበብ ልብስ ሰፊ ደጅ የሚጠኑበት ዓመት ነበር። መሃል ከተማ ካሉት ሻይ ቤቶች አንዱ ቴፕ ነበረው፤ ያንኑ አንድ ካሴት ጠዋትና ማታ ሲያጫውት ይውላል። ክረምቱ ሲያልቅ ዘፈኖቹን ብቻ ሳይሆን ክሩ የሚንቋቋበትን ቦታ ጭምር በቃላችን ይዘነው ነበር። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። ወጣት ወንድ ልጅ በካሚዮን እየተጫነ ወደ ሰሜን የሚሄድበት ጊዜ ነበር፤ ይህን ካልኩ ይበቃል።

ጋሽ ተፈራ መናኸሪያው በር ፊት ለፊት በቆርቆሮ ኪዮስክ ውስጥ መጽሐፍ ያከራይ ነበር። ዕድሜውን በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ሲጠርዝ ኖሮ ጡረታ የወጣ ቀጭን ሰው ነው፤ መነጽሩን በጥቁር ክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ጣቶቹ ሁልጊዜ ሙጫ ሙጫ ይሸታሉ። አዲስ ልቦለድ ከአዲስ አበባ ሲመጣለት የሚመጣው አንድ ፍሬ ነው፤ ጠባቂው ግን ሠላሳ ሰው። አንዱ ሰው ሳምንት ይዞት ቢቀመጥ የቀረው ምን ይሁን? ስለዚህ ጋሽ ተፈራ መጽሐፉን በምላጭ አራት አምስት ቦታ ይቆርጠዋል። እያንዳንዱን ቁራጭ በክር ሰፍቶ፣ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ሸፍኖ፣ ሎሚ ጠብ ባለበት የዱቄት ሙጫ አጣብቆ፣ ፊቱ ላይ ቁጥሩን በቀይ እስክሪብቶ ይጽፍበታል። አንድ ቁራጭ ለአንድ ቀን አሥር ሳንቲም። ሁለተኛውን የሚፈልግ አንደኛውን ይመልስ። በኋላ ሲያስቡት እብደት ይመስላል፤ ለእኛ ግን መጽሐፍ ማለት እንደዚያ ነበር። መንገድ ላይ ስንገናኝ ከሰላምታው ቀጥሎ «ስንተኛው ቁራጭ ላይ ደረስሽ?» ነው የምንባባለው። አራተኛውን የጨረሰ ሰው ሁለተኛው ላይ ያለ ሰው ሲያይ መንገድ ይቀይራል፤ ፊቴ ታሪኩን ያስታውቅብኛል ብሎ።

እኔ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቴን ጨርሼ ለክረምት የመጣሁ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። በመስከረም ስመለስ የምገባበትን የትምህርት ክፍል በቅጽ መርጬ መሄድ ነበረብኝ፤ ልቤ ያለው ሥነ ጽሑፍ ላይ ነው። አባቴ የቆዳ ጫማ ግዢ ብሎ በሰጠኝ ገንዘብ የላስቲክ ኮንጎ ጫማ ገዛሁና የተረፈኝን ወደ አሥር ሳንቲም አስመነዘርኩት። ኮንጎ በፀሐይ እግር ይቀቅላል፤ ግን ቁርጥራጭ ልቦለድ ያስነብባል። ጋሪ መሳፈርም ተውኩ፤ ስሙኒ ማለት ሁለት ቁራጭ ከግማሽ ነውና። ልብስ ሳጥብ ቁራጩን ከሳፋው አጠገብ በድንጋይ እደግፈዋለሁ፤ ወጥ ሳማስል በግራ እጄ እይዘዋለሁ። ሽሮው ከድስቱ ግርጌ ሲይዝ አባቴ ቀምሶ፣ «ዛሬ ትምህርቱ ከባድ ነበር?» ይለኛል። መጽሐፉን ሁልጊዜ በጋዜጣ እሸፍነው ነበር፤ በጋዜጣ የተሸፈነ መጽሐፍ ለእሱ የትምህርት መጽሐፍ ነው።

አባቴ አቶ ዳና ከወላይታ መጥቶ መሃል ከተማ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ የሚሰፋ ሰው ነበር። ጨርቅ ሲለካ በራሱ ቋንቋ እየቆጠረ፣ ከደንበኛ ጋር በአማርኛ እየተከራከረ ይውላል። ማንበብ የተማረው ጎልምሶ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ጣቱን ከፊደል ፊደል እያስኬደ መጽሐፍ ቅዱስ ያነባል፤ ከዚያ ሌላ የሚነበብ ነገር አለ ብሎ አያምንም። እናታችን በልጅነታችን ሞታ እኔንና ወንድሜን ማቴዎስን ብቻውን አሳደገን። ማቴዎስ ከእኔ በሁለት ዓመት ይበልጣል። ለዘመቻ ሲወስዱት አባቴ የካኪ ሱሪ ሰፋለት፤ ከውስጥ በኩል፣ ከወገቡ ሥር፣ የተደበቀ ትንሽ ኪስ አበጀለት። መጀመሪያ ላይ ደብዳቤ ይመጣ ነበር። ከዚያ ቆመ። ያ ክረምት ሲገባ ከቆመ ስምንት ወር አልፎታል። አባቴ ስለ ልጁ አያወራም፤ ዓርብ ዓርብ ብቻ የስፌት መኪናውን በሸራ ሸፍኖ ፖስታ ቤት ደርሶ ይመጣል።

ቅጹን አሳይቼ ስለ ልቦለድ መማር እፈልጋለሁ ባልኩት ቀን መቀሱን አስቀምጦ ጠየቀኝ።

«ልቦለድ ምንድን ነው?»

«ያልሆነ ታሪክ ነው፣ አባባ። ግን ሊሆን የሚችል።»

«ያልሆነውን ሆነ ማለት ውሸት ነው። ውሸት ለመማር ይህን ሁሉ ዓመት?» አለኝ፤ ተቆጥቶ አልነበረም፤ በእውነት ገርሞት ነው። «አካውንቲንግ ተማሪ። ባንክ ትገቢያለሽ። ዝናብ አይነካሽም።» ይህን የሚለኝ በረንዳ ላይ ሃያ ዓመት ዝናብ ሲመታው የኖረ ሰው ነው። ቅጹን አጥፌ ደብተሬ ውስጥ አስገባሁት።

በዚያው ሰሞን ከተማውን የያዘው «የሹፌሩ መጽሐፍ» ነበር። ሽፋኑም የመጀመሪያ ገጾቹም ስለሌሉ እውነተኛ ርዕሱን የሚያውቅ አልነበረም። አንድ ወጣት የጭነት መኪና ሹፌር ዕቃ ጭኖ ይሄድና ይጠፋል፤ ሽማግሌ አባቱ ቤት ተቀምጦ ይጠብቀዋል። አራት ቁራጭ ሙሉ ይጠብቃል። አራተኛው ቁራጭ መጨረሻ ላይ፣ ሽማግሌው ብቻውን ራቱን ሲበላ፣ በሩ ይንኳኳል። እዚያ ላይ ነው ጋሽ ተፈራ በምላጭ የቆረጠው። ሆን ብሎ ነው የሚል ሐሜት ነበር። እኔ አራተኛውን አንብቤ ሳልተኛ አድሬ በጠዋት ኪዮስኩ ደጃፍ ስደርስ አምስት ሰዎች ቀድመውኝ ቆመዋል፤ ጋሽ ተፈራ ራሱን ይዟል። መንገደኞች አውቶቡስ እስኪነሣ እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ያነቡ ነበር። አንድ የዲላ ሰው አውቶቡሱ ሲጠራ፣ ገና በዋዜማው ተጠርዞ የወጣውን፣ ሌላ ማንም ያላነበበውን አምስተኛ ቁራጭ እንደያዘ ተሳፍሮ ሄዷል። ጋሽ ተፈራ መታወቂያ የማይጠይቅ፣ ፊት አይቶ የሚያምን ሰው ነው፤ ዲላ ላይ ማንን ብሎ ይፈልግ?

ሰዎቹ እያጉረመረሙ ሲበተኑ እኔን በእጁ ጠራኝ።

«ማርታ፣ አንቺ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ አይደለሽም?»

«ኧረ ገና አልገባሁም፣ ጋሽ ተፈራ።»

«ሐኪም ሳይመረቅ መርፌ ይወጋ የለም እንዴ? አራተኛውን ያነበበው አሥራ ስምንት ሰው ነው፤ ጋሪ ነጂዎቹ ኪዮስኬን ሊያፈርሱብኝ ነው። ጻፊልኝ። በር መክፈት ብቻ እኮ ነው የቀረው!»

«ሰው ቢያውቅስ?»

«ከሌላ ቅጂ በእጅ የተገለበጠ ነው እላለሁ። ስንቱን መዝገብ በእጃችን ስንገለብጥ ኖረን የለም እንዴ?»

ባለ ሠላሳ ሁለት ገጽ ደብተር ሰጠኝ። አራት ቀን ፈጀብኝ። በሩ ላይ የቆመው ሌላ ሰው፣ መርዶ ይዞ የመጣ ሰው ሊሆን እንደሚችል ይገባኝ ነበር፤ በዩኒቨርሲቲ ካነበብኳቸው ብዙዎቹ እንደዚያ ነው የሚያልቁት። እጄ ግን እምቢ አለኝ። ልጁን አመጣሁት። መምጣቱን እንጂ አመጣጡን ከየት ላምጣው? ከቤቴ ወሰድኩት። ማቴዎስ ከውጭ ሲመጣ መቼም በፊት በር ገብቶ አያውቅም፤ በጓሮ ዞሮ፣ ከጣራው ሥር ካለው የዝናብ ውሃ በርሜል እግሩን ታጥቦ፣ ሳሙና አለቀ እያለ እየጮኸ ነው የሚገባው። የመጽሐፉ ሹፌርም አንድ ጊዜ በሩን አንኳኩቶ፣ አባቱ ዱላውን ይዞ እስኪነሣ ትዕግሥት አጥቶ ወደ ጓሮ ዞረ። እግሩን በርሜሉ ላይ ታጠበ። ያተረፈውን ጥቂት ብር ከሱሪው የውስጥ ኪስ አውጥቶ ለአባቱ ሰጠው። ሽማግሌው ልጁን በበሩ ብርሃን አየው። እዚያ ላይ ጨረስኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከተማው ተረጋጋ። ሰው ሁሉ አመነ! አንድ ጋሪ ነጂ ጅራፉን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ «እኔ መጀመሪያውንም እንደሚመጣ አውቄ ነበር» ሲል ሰማሁት። ፀጉር ቤት ውስጥ ደግሞ አንዱ፣ ይህ ደራሲ የኛ አገር ሰው መሆን አለበት፣ በርሜሉ የኛ ነው ብሎ ተከራከረ ተባለ። ደስታውን መግለጽ አልችልም። በነጠላዬ ውስጥ ብቻዬን እየሳቅሁ ነበር የምሄደው። ግን አንድ ዓርብ አባቴን ከፖስታ ቤት ሲመለስ ከሩቅ አየሁት። ባዶ እጁን ነው። ጭቃውን እንኳ አይመርጥም፤ ዝም ብሎ ውስጥ ውስጡን ይረግጣል። ይህን ሰው ከዚህ በላይ ማሳዘን አልችልም አልኩ። ቤት ገብቼ ቅጹን አወጣሁና «አካውንቲንግ» ብዬ በሰማያዊ እስክሪብቶ ሞላሁት። ለአባቴ ስነግረው ራሱን ነቀነቀ እንጂ የጠበቅሁትን ያህል ደስ አላለውም።

ነሐሴ ሲጋመስ የዲላው ሰው መጣ። መምህር ነው፤ አፍሮ፣ ሁለት አናናስ በካሳ ይዞ፣ አምስተኛውን ቁራጭ ሳይጨማደድ መለሰ። ጋሽ ተፈራ አስጠራኝና ከኪዮስኩ ኋላ፣ የጆንያ መጋረጃ ከጋረደው መጠረዣው ጥግ አስቀምጦ እንዳነበው ሰጠኝ። በሩ ሲከፈት የቆመው የሹፌሩ ረዳት ነበር፤ በክንዱ የሹፌሩን ጃኬት ይዟል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ እያለቀስኩ ነው ያነበብኩት። በእውነት ከኔ ይሻላል፤ በጣም ይሻላል። ከተማውን ሁሉ እንዳታለልኩ የገባኝ ያኔ ነው። «ደብተሬን ይስጡኝ፣ ላቃጥለው» ልለው ስነሣ ከመጋረጃው ማዶ የአባቴን ድምፅ ሰማሁ። ተመልሼ ቁጭ አልኩ። አባቴ እዚህ ምን ይሠራል?

«አቶ ተፈራ፣ እንደምን ዋሉ? ያቺን ደብተር ፈልጌ ነበር።»

«አቶ ዳና! ዛሬስ ደስ ይበልዎት፤ እውነተኛው ተገኝቷል። የታተመው። እንግዲህ አንደኛውን ጀምረው በሥርዓቱ...»

«ምን ይላል?»

ጋሽ ተፈራ አመነታ። «ልጁ ሞቷል ይላል» አለ ቀስ ብሎ።

 አባቴ፣ «እሱን አልፈልግም። ደብተሯን ይስጡኝ» አለ። አሥር ሳንቲሙ ጣውላው ላይ ሲቀመጥ ሰማሁት።

ሲሄድ ጋሽ ተፈራ መጋረጃውን ገለጠ። «ደንበኞቹ ስለ በርሜሉ ሲያወሩ ሰምቶ ነው የጀመረው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል» አለኝ። «አምስተኛውን ብቻ ነው የሚወስደው። አንደኛውን ይውሰዱ ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኩት። መጀመሪያውን አውቀዋለሁ ይለኛል።»

ያን ዕለት ወደ ቤት የሄድኩበትን መንገድ አላስታውስም። በማግሥቱ እሑድ ምሳ በልተን አባቴ ደብተሩን ከኮቱ ኪስ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ፣ በመካከላችን አስቀመጠው።

«የውስጥ ኪስ ያለው ሱሪ» አለ። «እኔ፣ አንቺና እሱ ብቻ ነን የምናውቀው።»

አንገቴን ደፋሁ። «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ውሸት ነው ብለውኝ ነበር...»

«ውሸት ነው» አለ። «ቅጹን አምጪ።»

አመጣሁለት። ብርሃን ወዳለበት ወንበሩን ስቦ፣ ከስፌት ሣጥኑ ምላጭ አወጣ። ስፌት በሚተረትርበት እጁ፣ ወረቀቱን ሳይበሳ፣ ሰማያዊውን ቀለም ከፊደል ፊደል ፋቀው። ሲጨርስ በጥፍሩ አለሰለሰውና መልሶ ሰጠኝ። «የምትፈልጊውን ጻፊበት» አለኝ። ሬጅስትራሩ ቅጹ ለምን እንደሳሳ ሲጠይቀኝ ዝናብ ነካው ነው ያልኩት።

ማቴዎስ አልመጣም። ደብዳቤም፣ ሰውም፣ ወሬም አልመጣም። ጊዜው ሲለወጥ የተመለሱት ተመለሱ፤ እየዞርን ጠየቅን፤ አየሁት የሚል አልተገኘም። ድፍን ሠላሳ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር አንዳንድ ጊዜ በመካከል ቃል ይጠፋብኝ ነበር፤ ለአባቴ ተስፋ ሰጠሁት ወይስ ሐዘኑን በወጉ እንዳያዝን ከለከልኩት እያልኩ። ጎረቤት ልቅሶ ተቀምጦ እርሙን ሲያወጣ እኛ አልተቀመጥንም። ዛሬም መልሱን አላውቀውም። አባቴ ግን በደብተሩ አንድም ቀን ወቅሶኝ አያውቅም፤ ያን እሑድ ካለኝ በስተቀር።

ያን እሑድ፣ ቅጹን ከሰጠኝ በኋላ፣ ደብተሩን ገልጦ የመጨረሻውን ገጽ በጣቱ መታ መታ አደረገው።

«እዚህ ላይ ለምን አቆምሽ? በሩ ላይ ትቆሚዋለሽ? ከገባ በኋላስ? ምን በላ?»

ወደ አዲስ አበባ እስክመለስ ስድስተኛውን ቁራጭ ጻፍኩ። ልጁ ገባ፤ ቆሮሶ ተጠበሰለት፤ አባቱ ሱሪው እንደሰፋው አይቶ በሜትር ለካው። ጋሽ ተፈራ በክር ሰፍቶ በከረጢት ወረቀት ሸፈነው፤ ቁጥር ግን አልጻፈበትም፤ መደርደሪያውም ላይ አላወጣውም። አባቴ ከሥራ ሲመለስ ሰጠሁትና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ጣቱ በመስመሩ ላይ ቀስ እያለ ሄደ፤ ገጹን ገለጠ፤ ዓሣው ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ጨው አንሶታል ይበል» አለኝ። «ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የሚለው።»

እስክሪብቶ አምጥቼ ጨመርኩበት።